ከአጣጥ እስከ ያምቡኩ፦ የካቶሊክ ደናግል የበጎ አድራጎት ሥራ በአፍሪካ እንዴት ይሠራል?

በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የማዘር ቴሬዛ ቤት የማያውቅ የከተማዋ ነዋሪ ጥቂት ነው። ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳሪ የለበሱት ደናግል መድረሻ ያጣ በሽተኛ ተቀብለው ሲያጥቡና ሲያጎርሱ ያየ ሰው ስለ ሥራቸው ቢጠየቅ «ደጎች ናቸው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው» ብሎ ያልፋል። ምስጋናው ይገባቸዋል። ሆኖም እነዚህን የመሰሉ ተቋማት በአፍሪካ ገጠርና ከተማ ለ50 እና ለ100 ዓመት የቆሙት በቸርነት ብቻ ስላልሆነ፣ ማን እንደሚያዛቸው፣ ደመወዛቸው የት እንደሚገባ፣ መድኃኒቱ በማን ገንዘብ እንደሚገዛና ከውጭ የሚመጣው በጎ ፈቃደኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም ማወቅ ለሚረዳቸውም ለሚተቻቸውም ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፣ «የካቶሊክ ደናግል» የሚባል አንድ ድርጅት የለም። ያሉት እጅግ ብዙ ማኅበራት ሲሆኑ እያንዳንዱ የራሱ መሥራች፣ የራሱ ደንብና የራሱ የሥራ መስክ አለው። በነጭ ልብሳቸው የሚታወቁት የእመቤታችን የአፍሪካ ደናግል በ1869 በአልጄሪያ በካርዲናል ላቪዠሪ፣ የኮምቦኒ ደናግል በ1872 በጣሊያኗ ቬሮና በጳጳስ ዳንኤል ኮምቦኒ፣ የኮንሶላታ ደናግል በ1910 በቱሪን ተመሠረቱ። የማዘር ቴሬዛ ማኅበር ከእነዚህ አንጻር ሲታይ ገና ወጣት ነው፤ በ1950 በካልካታ ተቋቁሞ የመጀመሪያውን የአፍሪካ ቤቱን በ1968 በታንዛኒያዋ ታቦራ ከፈተ፣ ወደ ኢትዮጵያም በ1973 ገባ። አንዱ ማኅበር ትምህርት ቤት ብቻ ያስተዳድራል፤ ሌላው ሆስፒታል፤ ሌላው ደግሞ ከጸሎት ቤቱ ፈጽሞ አይወጣም። ስለ አንዱ የተነገረውን በሌላው ላይ መደምደም ስህተት ላይ ይጥላል።

የጋራቸው የሆነው መሐላው ነው። ድህነት፣ ንጽሕናና ታዛዥነት የሚሉት ሦስቱ መሐላዎች መንፈሳዊ ትርጉማቸው እንዳለ ሆኖ፣ ከሥራ አንጻር ሲታዩ ደግሞ የሰው ኃይል አስተዳደር ሥርዓት ናቸው። በድህነት መሐላ መሠረት አንዲት ድንግል ነርስ ወይም መምህርት ሆና የምታገኘው ደመወዝ ወደ ማኅበሯ የጋራ ካዝና ይገባል፤ ምግቧን፣ ልብሷን፣ ሕክምናዋንና መጓጓዣዋን የሚችለው ማኅበሩ ነው። በታዛዥነት መሐላ መሠረት አለቃዋ ከዋና ከተማ ወደ ገጠር፣ ወይም ከአንድ አገር ወደ ሌላ አገር ስታዛውራት ዕቃዋን ሸክፋ ትሄዳለች። በንጽሕና መሐላም የራሷ ቤተሰብ ስለማይኖራት፣ ሐኪሞች የልጆቻቸውን ትምህርት እያሰቡ ከሚሸሹት ወረዳ ውስጥ 20 ዓመት መቀመጥ ትችላለች። የገጠር ጤና ተቋማት ዋነኛ ችግር የባለሙያ አለመርጋት መሆኑን ለሚያውቅ ሰው የዚህ ሥርዓት ጥቅም ግልጽ ነው። ዋጋም ያስከፍላል፤ «አልችልም፣ ደክሞኛል» ለማለት የሚከብዳት ሠራተኛ ከአቅሟ በላይ ትሠራለች፤ ለቀሳውስት ምግብ የሚያበስሉና ቤት የሚያጸዱ ደናግል ያለ ውልና ያለ በቂ ክፍያ እንደሚሠሩ በ2018 በራሱ በቫቲካን በሚታተም የሴቶች መጽሔት ላይ በግልጽ ተጽፏል።

ማኅበሩ ወደ አንድ አገር ሲገባ የአካባቢውን ጳጳስ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ብዙ ጊዜም መሬቱና ሕንፃው የሀገረ ስብከቱ ሆኖ ሥራውን ማኅበሩ ይመራዋል። ክሊኒኩ ወይም ሆስፒታሉ ግን እንደማንኛውም የጤና ተቋም ከመንግሥት ፈቃድ ያወጣል፤ ቁጥጥርም ይደረግበታል።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ቢኖር፣ እነዚህ ሴቶች ለረጅም ዘመን ሐኪምም አዋላጅም እንዳይሆኑ የከለከለቻቸው ራሷ ቤተ ክርስቲያናቸው መሆኗን ነው። በመካከለኛው ዘመን መነኮሳትና ቀሳውስት በሕክምና ሥራ እንዳይሰማሩ የወጡት ክልከላዎች ወደ ኋላኞቹ የቤተ ክርስቲያን ሕጎችም ተሻግረው ነበር። ደናግሉ በሽተኛ ማስታመም ይችላሉ፤ ምጥ የያዛትን ሴት ማዋለድ ግን ከድንግልና ሕይወት ጋር አይሄድም ተብሎ ይታሰብ ነበር። በእናቶች ሞት በሚታመሰው የሚስዮን አገር ይህ ክልከላ ምን ማለት እንደነበር ለመገመት አያዳግትም።

ይህን ግድግዳ ከነቀነቁት አንዷ አና ዴንግል ናቸው። በ1892 በኦስትሪያ ቲሮል የተወለዱት ዴንግል በአየርላንድ ኮርክ ሕክምና ተምረው በ1919 ተመረቁ፤ ከዚያም በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ግዛት በነበረችው ሕንድ ወደ ራዋልፒንዲ ሄዱ። እዚያ ያገኟቸው ሙስሊም ሴቶች በልማዳቸው መሠረት በወንድ ሐኪም መታየት ስለማይችሉ፣ ሴት ሐኪም ከሌለች ያለ ሕክምና ይሞቱ ነበር። ዶክተሯ ይህን አይተው ሲመለሱ የካቶሊክ ሴቶች ሙሉ የሕክምና ትምህርት ተምረው እንዲሠሩ የሚያስችል ማኅበር በ1925 በዋሽንግተን ከሦስት ሴቶች ጋር መሠረቱ። ሕጉ ስለከለከለ ግን እንደ ሌሎቹ ደናግል በይፋ መሐላ መፈጸም አልቻሉም፤ በጋራ ቤት እየኖሩና እየጸለዩ፣ ምሉዕ የደናግል ማኅበር ሳይባሉ 11 ዓመት ሠሩ። በየካቲት 1936 ቫቲካን ባወጣችው መመሪያ ደናግል ሕክምናንና ማዋለድን ተምረው በሚስዮን አገሮች እንዲሠሩ ስትፈቅድ ነገሩ ተለወጠ። በተከታዩ ዓመት በ1937 ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት በማልታና በፈረንሳይ በበጎ ፈቃደኛ ነርስነት ያገለገሉት አየርላንዳዊት ሜሪ ማርቲን በናይጄሪያዋ ፖርት ሃርኮርት፣ በሕመም አልጋ ላይ ሳሉ መሐላቸውን ፈጽመው ሌላ የሕክምና ደናግል ማኅበር አቋቋሙ።

ወደ ጉራጌ የሚያደርሰን ይኸው መንገድ ነው። በ1969 የአና ዴንግል ማኅበር ደናግል በጉራጌ ዞን ከወልቂጤ ብዙም በማይርቀው አጣጥ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። የአጣጥ ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ሳይቀር የሚጠቀስበት ምክንያት ትልቅ ሕንፃ ወይም ውድ መሣሪያ አይደለም፤ የእናቶች ማቆያ ነው። አሳቡ ቀላል ነው። ከሆስፒታሉ ርቃ የምትኖር ነፍሰ ጡር በክትትል ወቅት ለአደጋ የሚያጋልጥ ምልክት ከታየባት፣ ለምሳሌ ቀደም ሲል በኦፕራሲዮን የወለደች፣ መንታ ያረገዘች ወይም ፅንሱ በመቀመጫው የመጣባት ከሆነች፣ ምጥ እስኪመጣ ቤቷ አትጠብቅም። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ስንቋን ይዛ ትመጣና በሆስፒታሉ ግቢ ባለው ማቆያ ትቀመጣለች፤ እንደ ቤቷ ታበስላለች፤ ከሌሎች ነፍሰ ጡሮች ጋር ትጫወታለች፤ አዋላጆች በየጊዜው ያዩዋታል። ምጡ ሲጀምር በቃሬዛ ለሰዓታት መጓዝ ቀርቶ ግቢውን አቋርጣ ወደ ማዋለጃ ክፍል ትገባለች።

ውጤቱ ተለክቷል። ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት በአጣጥ የተመዘገቡ 24 ሺህ 148 ወሊዶችን የመረመረና በ2010 የታተመ ጥናት፣ በማቆያው አልፈው የወለዱትን 6 ሺህ 805 ሴቶች በቀጥታ ከቤታቸው ከመጡት 17 ሺህ 343 ጋር አነጻጽሯል። በማቆያው ካለፉት መካከል የሞቱት እናቶች ከ100 ሺህ በሕይወት የተወለዱ ሕፃናት አንጻር 90 ያህል ሲሆኑ፣ በቀጥታ ከመጡት መካከል ግን 1 ሺህ 333 ነበሩ። ሞተው የተወለዱ ሕፃናትም ከ1 ሺህ ወሊድ በመጀመሪያዎቹ 18 ገደማ፣ በሁለተኞቹ 191 ነበሩ። ልዩነቱን በሙሉ ለማቆያው መስጠት አይገባም፤ በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ጠንቶባቸው፣ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ሁለቱ ወገኖች ሲጀመርም እኩል አልነበሩም። ነገር ግን ማቆያ የሚገቡት ለአደጋ የተጋለጡ ናቸው ተብለው የተመረጡ ሴቶች መሆናቸውን ስናስብ፣ የሞቱ መጠን ወደ 15 እጥፍ ተራርቆ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። ከጊዜ በኋላ መንግሥትም የእናቶች ማቆያን በየጤና ጣቢያው ግቢ አስፋፍቷል።

በእኔ እይታ ከአጣጥ የሚወሰደው ቁም ነገር ዘዴው የተገኘው በአካባቢው ለረጅም ጊዜ በመቆየት መሆኑ ነው። በሳምንት ጉብኝት የሚመጣ ባለሙያ የሚያየው ማዋለጃ ክፍሉን ነው፤ ሴቲቱ ለምን ዘግይታ እንደመጣች፣ ቃሬዛውን ማን እንደተሸከመ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች ማን እንደሚጠብቅ የሚያውቀው አብሮ የከረመ ሰው ነው። 22 ዓመት ሙሉ መዝገብ ሳይቋረጥ መያዝም እንዲሁ በአንድ ፕሮጀክት ዕድሜ የሚሆን ሥራ አይደለም።

በጎ ልብ ያለ ሙያና ያለ ቁጥጥር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ደግሞ ያምቡኩ ያሳያል። ያምቡኩ በዚያን ጊዜ ዛየር በምትባለው በኮንጎ ሰሜናዊ ክፍል የምትገኝ መንደር ስትሆን፣ የቤልጂየም ደናግል ያሉበት 120 አልጋ ያለው የሚስዮን ሆስፒታል ነበራት። ሐኪም አልነበረም። ደናግሉ የሚችሉትን ሁሉ ያደርጉ ስለነበር በሽተኛ ከሩቅ ሳይቀር ይጎርፍላቸው ነበር። ሆኖም በየማለዳው ለተመላላሽ ሕክምና፣ ለነፍሰ ጡሮች ክትትልና ለተኝቶ ታካሚዎች የሚታደለው አምስት መርፌ ብቻ ነበር፤ በአንዱ ሰው ላይ የዋለው በሞቀ ውኃ ለቅለቅ ተደርጎ ለሌላው ይውላል። በ1976 ኢቦላ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ሲከሰት ቫይረሱን ወደ ብዙ ሰው ያደረሱት እነዚህ መርፌዎች ናቸው። በወረርሽኙ ከተያዙት 318 ሰዎች 280ዎቹ ሞቱ፤ ከ17ቱ የሆስፒታሉ ሠራተኞችም ደናግሉን ጨምሮ 11ዱ አለቁ። ደናግሉ በሽተኞቻቸውን ጥለው አልሸሹም፤ ይህ ግን መርፌውን ንጹሕ አላደረገውም። በ1995 በዚያው አገር በኪክዊት ከተማ በሽታው ዳግመኛ ሲነሣ ከጣሊያኗ ቤርጋሞ የመጡ ስድስት ደናግል በሽተኛ ሲያስታምሙ ተይዘው በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ተከታትለው ሞተዋል። ስለ ሚስዮን ሕክምና የሚጻፉ ጽሑፎች መሥዋዕትነቱን አጉልተው መርፌውን ሲያልፉት አያለሁ። ለበሽተኛው የሚጠቅመው ሁለቱንም አንድ ላይ ማየት ነው።

ከቅኝ ግዛት ጋር ያለውም ጥላ መደበቅ የለበትም። በቤልጂየም ኮንጎ ከነጭ አባትና ከጥቁር እናት የተወለዱ ሕፃናት በመንግሥት ትእዛዝ ከእናቶቻቸው እየተነጠቁ በካቶሊክ ሚስዮኖች እንዲያድጉ ይደረግ ነበር። በካሳይ ክፍለ ሀገር ካቴንዴ በሚባል ሚስዮን ያደጉ አምስት ሴቶች ከሰባ ዓመት ገደማ በኋላ የቤልጂየምን መንግሥት ከሰው፣ በታኅሣሥ 2024 የብራስልስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ድርጊቱ በሰው ልጅ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ነው ብሎ ፈርዶላቸዋል። ተከሳሹ መንግሥት ቢሆንም ሕፃናቱን የተቀበሉት ቤቶች የሚስዮን ቤቶች ነበሩ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የደናግል ሆስፒታል ገቢ በተለምዶ ከሦስት ቦታ ይመጣል፤ በሽተኛው ከሚከፍለው፣ ከውጭ ለጋሾች፣ እንደየአገሩም ከመንግሥት። በዩጋንዳ መንግሥት ለትርፍ ያልቆሙ የሃይማኖት ተቋማት ሆስፒታሎችን በበጀት ይደጉማል፤ በኢትዮጵያ እንደ ክትባትና የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ያሉት በመንግሥት ፕሮግራም በኩል ይቀርባሉ። ከለጋሾቹ መካከል በ1958 በጀርመን ጳጳሳት የተቋቋመው ሚዜሬዎር በሰፊው ይታወቃል። ሌላው ሰው የማይጠረጥረው ለጋሽ የሆቴል ባለቤቱ ኮንራድ ሂልተን ናቸው። አዲስ አበቤው ስማቸውን የሚያውቀው በሆቴሉ ነው፤ በ1979 ሲሞቱ ግን በኑዛዜያቸው የሀብታቸውን አብዛኛውን ክፍል ላቋቋሙት ድርጅት ትተው፣ ከርዳታው ትልቁ ድርሻ ለካቶሊክ ደናግል ሥራ እንዲውል አዘዋል፤ ድርጅቱ ዛሬም በአፍሪካ የሚገኙ ደናግልን ያስተምራል። የማዘር ቴሬዛ ደናግል በበኩላቸው ቋሚ ገቢና የመንግሥት ድጎማ አይቀበሉም፤ በዕለቱ በሚመጣው ስጦታ ይኖራሉ። ይህ ለነፍስ የሚበጅ ሊሆን ይችላል፤ ለበጀት ዕቅድ ግን ከባድ ነው። ሆስፒታል የሚያስተዳድር ማኅበር እንደዚያ ሊሠራ አይችልም፤ ለጋሹ ሲቀንስ የካርድና የሕክምና ክፍያ ይጨምራል፤ ክፍያው ሲጨምር ደግሞ ተቋሙ የተቋቋመላት ድኻ ሴት ደጃፉን መርገጥ ትተዋለች። በየዓመቱ የሚነሣው ትልቁ የውስጥ ክርክር ይኸው ነው።

የሠራተኞቹም መልክ ተለውጧል። በ1970 አካባቢ በዓለም ላይ አንድ ሚሊዮን ያህል የነበሩት የካቶሊክ ደናግል በ2022 ከ600 ሺህ በታች ወርደዋል፤ ቅነሳው የአውሮፓና የአሜሪካ ሲሆን በአፍሪካ ቁጥሩ እያደገ ነው። ለዚህ መሠረት የጣሉ አሉ፤ በ1903 ዩጋንዳ ንሳምቢያ የደረሱት አየርላንዳዊት እናት ኬቪን በ1923 ለዩጋንዳ ሴቶች የራሳቸውን ማኅበር አቋቁመዋል። ዛሬ «ሚስዮናዊት» ሲባል ፈረንጅ ብቻ የሚታየው ሰው ሁኔታውን አልተከታተለም። በሰሜን ዩጋንዳ ጉሉ ከተማ ሲስተር ሮዝሜሪ ኒሩምቤ በአማፂው የጌታ ተከላካይ ጦር ታፍነው፣ ልጅ ታቅፈው የተመለሱ ልጃገረዶችን ልብስ ስፌትና ምግብ ዝግጅት አስተምረዋል። በኮንጎዋ ዱንጉ ሲስተር አንጀሊክ ናማይካ በብስክሌት እየተዘዋወሩ በዚያው ጦር የተፈናቀሉና የተደፈሩ ሴቶችን ረድተው በ2013 የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ድርጅት የናንሰን ሽልማት አግኝተዋል። ለእኛ ቅርብ የሆነው ደግሞ የኮምቦኒ ማኅበር አባል የሆኑት ኤርትራዊቷ ሲስተር አዘዘት ኪዳነ ሥራ ነው። በእስራኤል ከሐኪሞች የሰብዓዊ መብት ድርጅት ጋር በበጎ ፈቃድ እየሠሩ፣ በሲና በረሃ በአጋቾች እጅ የተሠቃዩ ስደተኞችን በገዛ ቋንቋቸው አነጋግረው ቃላቸውን መዝግበዋል። በበረሃው የተፈጸመው ግፍ ለዓለም ከተሰማባቸው መንገዶች አንዱ ይህ መዝገብ ነው፤ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም በ2012 በሰዎች ዝውውር ላይ ባወጣው ሪፖርት ከጀግኖች አንዷ አድርጎ ጠቅሷቸዋል።

እንግዲህ የበጎ ፈቃደኛው ቦታ የት ነው? ደናግሉ ዘንድ የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች አንድ ዓይነት አይደሉም። ሙያ ሳይጠየቁ ለሳምንታት ልብስ ለማጠብ፣ ሕፃናት ለማጫወትና በሽተኛ ለማብላት የሚመጡ አሉ፤ የማዘር ቴሬዛ ቤቶች እንዲህ ያሉትን ይቀበላሉ። የዶን ቦስኮ ደናግል በ1987 ያቋቋሙትን የመሰሉ ድርጅቶች ደግሞ ወጣቶችን አስቀድመው አሠልጥነው ይልካሉ። ሦስተኛዎቹ ባለሙያዎች ናቸው፤ ቀዶ ሐኪም፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የሒሳብ ሠራተኛ። የመጀመሪያው ዓይነት ጥቅሙ በአብዛኛው ለራሱ ለመጪው ነው ብል የሚቀየሙ ይኖራሉ፤ ቢሆንም ልብስ የሚያጥብ ሰው በአካባቢው አይጠፋም፤ ሥራም ይፈልጋል። ከሕፃናት ጋር ሲሆን ጉዳትም አለው፤ ወላጅ የሌለው ልጅ በየሦስት ሳምንቱ አዲስ ሰው እየለመደ መለያየት አይበጀውም።

ባለሙያው ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ በተለይ ከቆየ። ካናዳዊቷ ቀዶ ሐኪም ሉሲል ቲዝዴል በ1961 በኮምቦኒ ሚስዮናውያን ወደተቋቋመው የጉሉ ላኮር ሆስፒታል የመጡት ለሁለት ወር ነበር። ከዚያ ጣሊያናዊውን ሐኪም ፒዬሮ ኮርቲን አግብተው እዚያው ቀሩ፤ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ በኤች አይ ቪ ተይዘው በ1996 እስኪሞቱ ድረስ ከባለቤታቸው ጋር ሆስፒታሉን ወደ ትልቅ የማስተማሪያ ተቋም አሳደጉት፤ አመራሩንም ለዩጋንዳውያን ሐኪሞች አስረከቡ። ሁሉም ሰው ዕድሜውን ይስጥ ማለት አይደለም። አደጋውም ቢሆን የዋዛ አይደለም፤ በመጋቢት 2016 በየመን ኤደን በማዘር ቴሬዛ የአረጋውያን ቤት ላይ በተፈጸመው ጥቃት ከተገደሉት 16 ሰዎች መካከል ከሩዋንዳ፣ ከኬንያና ከሕንድ የመጡ አራት ደናግል፣ አብረዋቸው ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት።

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞችና ነርሶች ወደ አገር ቤት ሲመጡ በእንዲህ ያለ ሆስፒታል ለማገልገል ቢያስቡ፣ የመጀመሪያው ደብዳቤ «መቼ ልምጣ» ሳይሆን «ምን ጎደላችሁ» የሚል ቢሆን ይሻላል። ከዚያ የሙያ ፈቃዱ ጉዳይ አለ፤ የውጭ ዜግነት የያዘ ባለሙያ በኢትዮጵያ በሽተኛ ለማየት ጊዜያዊ ፈቃድ ማውጣት ስላለበት ወረቀቱን ከወራት በፊት መጀመር ይኖርበታል። የሁለት ሳምንት ዕረፍት ብቻ ያለው ቀዶ ሐኪም 30 በሽተኛ ራሱ ከሚያክም ይልቅ የሆስፒታሉን ጠቅላላ ሐኪም ከጎኑ አድርጎ 10 ቢያክም፣ በሚቀጥለው ወርም እንዲሁ ተመልሶ የሚያስተምረው ሌላ ሰው ቢተካው የበለጠ ይጠቅማል፤ ከኦፕራሲዮን በኋላ ቁስሉ ያመረቀዘበትን በሽተኛ የሚያየው የሚቀረው ሐኪም ነውና። መሣሪያ መላክ የሚፈልግም ካለ ከአሜሪካ የሚመጣው በ110 ቮልት የሚሠራ መሆኑን፣ የኢትዮጵያ መስመር ግን 220 መሆኑን፣ መለዋወጫውና የሚያልቀው ዕቃ፣ ማለትም ቱቦው፣ ማጣሪያውና የምርመራ ኬሚካሉ፣ አዲስ አበባ ገበያ ላይ መገኘት አለመገኘቱን ኮንቴይነሩ ከመታሸጉ በፊት የሆስፒታሉን ጥገና ክፍል ይጠይቅ።